ሦስቴ ያልተለመነችው አያት

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉኝ። አንዴ ስትሉኝማ አልጀምርም፤ እኔም እንደ ሰው ትንሽ ልግደርደር እንጂ! እስቲ ድገሙልኝ። ሦስተኛም ጨምሩበት። እንዲህ ነው! በሉ ጆሯችሁን ወደዚህ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃም አውሬም አፍ በነበረው ጊዜ፣ እመት ዘርፌ የምትባል አሮጊት ሽኮኮ ነበረች። የምትኖረው ከሩቅ አገር፣ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ባሏ ሞቶባታል። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ዋሻ ሄደውባታል። ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ አጠገቧ የሚቀመጥ እንኳ አልነበራትም። ሽኮኮ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ብቻውን መሞቅ የማይሆንለት ፍጥረት ነው። ተጠጋግቶና ተደራርቦ ካልተኛ ብርዱ አይለቀውም።

አንድ ቀን እመት ዘርፌ ከራሷ ጋር ተማከረች።

«ልጄ አንተነህ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች። «የቀረችኝን ዕድሜ ከልጅ ልጆቼ ጋር እኖራታለሁ። ግን ‹ልኑር› ብዬ አልጠይቅም፣ ነውር ነው! እነሱ ራሳቸው ‹ቅሪ› ብለው ይለምኑኛል። አንዴ ሲሉኝ ‹አይ› እላለሁ። ሁለቴ ሲሉኝ ‹ኧረ አይሆንም› እላለሁ። ሦስቴ ሲሉኝ ‹ካላችሁማ እሺ› እላለሁ።»

የገደሉ አገር ወግ እንዲህ ነበር። እንግዳ ሁለቴ እንቢ ይላል፣ ባለቤት ሦስቴ ይለምናል። ሳይግደረደር የበላ እንግዳ «ሆዳም» ይባላል። ሦስቴ ሳይለምን የቀረ ባለቤት «ንፉግ» ይባላል። እመት ዘርፌ ከሁለቱም ስድብ አንዱ ሳይነካት ነው ያረጀችው።

ለልጆቹ አንድ ጭብጥ ቀጋ ቋጠረችና ተነሳች። አንድ ቀን ሄደች፣ ሁለት ቀን ሄደች፣ በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ደረሰች።

ልጇ አንተነህ ከነቤተሰቡ የሚኖረው በአንድ የድንጋይ አጥር ውስጥ ነው። ነገር ግን ክረምቱ አልፎ ጥቅምት በገባ ቁጥር ቤታቸውን ዘግተው ወንዝ ዳር ይወርዳሉ፤ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ይሰነብታሉ። ድንኳናቸው መንገደኛ የጣለው አሮጌ ጃንጥላ ነው። አንድ ጎኑ ተቀዷል፣ ኩራቱ ግን አልተቀደደም። ስንቃቸውን የሚይዝላቸው ቆዳው የተላጠ አገልግል ነው። የሚለብሱት ደግሞ አንድ ወፍራም ጋቢ ነው፤ ለአራቱም ይበቃል።

እመት ዘርፌ የመጣችው በጥቅምት ነበርና፣ ወንዝ ዳር ድንኳኑ ዘንድ ስትደርስ ልጆቹ እየጮሁ ሮጡ። ትልቁ ድንቡሼ ይባላል፣ እንደ ስሙ ነው። ትንሿ ጢኒጥ ትባላለች፣ እሷም እንደ ስሟ ናት። አያታቸውን አይተዋት አያውቁም ነበር። ጢኒጥ አሽተተቻትና «የአባዬን ሽታ ትሸቻለሽ» አለቻት። እመት ዘርፌ እዚያው እንባዋ መጣ።

አንተነህ እናቱን አገላብጦ ሳመና «እናቴ፣ ንስሩ ዛሬ ከላያችን ሲያንዣብብ ነው ያረፈደው። ጥበቃው የእኔ ነው፣ ወደ ቋጥኙ መመለስ አለብኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ እመጣለሁ፤ ሶስና አለችልሽ» ብሏት ወጣ።

ሶስና ሚስቱ ናት። ደግ ናት፣ ሥራ ወዳድ ናት፣ እንግዳ ቢመጣ እንዳታፍር ከንጋት ጀምሮ እሸት ስትለቅም ያረፈደች ናት። ያደገችው ግን ሰዎች ድንጋይ በሚፈልጡበት ድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። እዚያ ፈንጂ ሊፈነዳ ሲል «ሽሹ!» የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛውን የጠበቀ የለም። ስለዚህ በሶስና ሰፈር ቃል አንዴ ነው፤ «አዎ» ያለ አዎ ነው፣ «አይ» ያለ አይ ነው። ልጆቿንም «አይ ያለን ሰው አታስጨንቁ፣ ንቀት ነው» እያለች ነው ያሳደገቻቸው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ።

ሶስና አገልግሉን ከፈተች። ውስጡ የባቄላ እሸት ነው፤ ገና ጤዛው ያልደረቀ።

«እማማ፣ እሸት ይብሉ» አለች።

እመት ዘርፌ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሆዷ ይጮሃል። እሷ ግን ፈገግ ብላ «ኧረ ይብቃኝ ልጄ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አለች። አለችና «በሞቴ» እስክትባል ጠበቀች።

«እሺ እማማ» አለች ሶስና። አገልግሉንም ከደነችው።

እመት ዘርፌ ክዳኑን አየችው። ክዳኑም እሷን አያት። «ረስታው ነው» አለች በልቧ፤ «አሁን ትመለሳለች።» ሶስና ግን አልተመለሰችም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከወንዙ ነፋስ ተነሳ። ሶስና ጋቢውን ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ነፋሱ ይመታዎታል። ጋቢ ይልበሱ።»

የእመት ዘርፌ ጥርሶች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። «ኧረ እኔ አልበረደኝም፣ ልጆቹን አልብሺልኝ» አለች። አሁንስ መቼም ትደግማለች ብላ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።

«እሺ እማማ» አለች ሶስና። ልጆቹንም አለበሰቻቸው።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ ሶስና ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

«እማማ፣ ከድንኳኑ ውስጥ ከልጆቹ መሃል አነጠፍኩልዎት። ይግቡ።»

ከልጆቹ መሃል! ለዚህ አይደል ሁለት ቀን የተጓዘችው? የእመት ዘርፌ ልብ ብድግ አለ። ምን ያደርጋል፣ ያረጀ አፍ ልማዱን አይተውም። «ኧረ አላጣብባችሁም። እኔ ገደል የለመድኩ ነኝ፤ ያቺ ድንጋይ ሥር ትበቃኛለች» አለች።

«እሺ እማማ» አለች ሶስና። ምንጣፉንም ከመሃል አንስታ ድንጋዩ ሥር አነጠፈችላት።

ከዚያ ሶስና ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትወርድ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እሸቴን አልነኩልኝ፣ ጋቢዬን አልለበሱልኝ፣ ከቤቴም አልገቡልኝ። ምን አድርጌያቸው ነው የጠሉኝ?» እያለች ሄደች።

እመት ዘርፌም ድንጋዩ ሥር ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። «አልፈለጉኝም» አለች። «በአገሬ ንፉግ እንኳ ሁለቴ ይለምናል። ልኑር ብዬ ቢሆንማ ምን ልባል ነበር! ዝም ካለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ዝም ብዬ ሳይመሽ ልሂድ።» ባዶ ቋጠሮዋን አነሳች፤ ቀጋውን ለልጆቹ ትታ፣ ቀስ እያለች የመጣችበትን መንገድ ያዘች። እግሯ ይሄዳል፣ ጆሮዋ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ የሚያዩት ሦስቱ ዕቃዎች ነበሩ።

አገልግሉ ተነፈሰ። «ስንት ሠርግ፣ ስንት ማኅበር የዞርኩ ዕቃ ነኝ። ሰው እኔን አቅፎ ሲራብ አይቼ አላውቅም!»

ጋቢው «ለሶስና እንንገራት» አለ።

ጃንጥላው ተንጠራራ። «ኧረ ነውር! እኛ ዕቃ ነን። በአማትና በምራት መሃል ዕቃ አይገባም። ምን ይሉናል?»

«ይኸው!» አለ አገልግሉ፤ «አሮጊቷን ጦም ያዋላት ይኸው ‹ምን ይሉኛል› ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«እንግዲያው አንተ ተናገራ!»

«እኔማ እንዴት ብዬ? ምን ይሉኛል!»

ይሄኔ ጋቢው «መናገሩን ካፈርን እናሳያቸው» አለ። ተንሾካሾኩ፣ ተስማሙ።

ልጆቹ ከጨዋታ እራት ፍለጋ መጥተው፣ ጥለውት የሄዱትን ጋቢ መልሰው ለበሱ። ድንቡሼ አገልግሉን ያዘና «ተከፈት» አለው።

«ኧረ ይቅር፣ እንዳለሁ ልሁን» አለ አገልግሉ።

«እሺ» አለ ድንቡሼ። የእናቱ ልጅ አይደል! እየራበው ቁጭ አለ።

ጢኒጥ ግን ገና ሕፃን ናት፤ የእናቷ ትምህርት ገና አልደረሳትም። «ተከፈት!» አለች።

«ኧረ ደህና ነኝ እኔ።»

«ተከፈት እንጂ! እሸት እኮ ነው!»

«ካልሽማ እሺ» ብሎ ጧ ብሎ ተከፈተ።

ጋቢው ከትከሻቸው ወደ መሬት ተንሸራተተ። «ና ልልበስህ» አለችው ጢኒጥ። «ኧረ አያስፈልግም» አለ። «ና!» አለችው። «ኧረ ተይኝ» አለ። «ና አልኩህ!» ስትለው ዘሎ ተጠቀለለባት። ጃንጥላውም ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። አንዴ ለመነችው፣ ሁለቴ ለመነችው፣ በሦስተኛው እየሳቀ ተዘረጋ።

ጢኒጥ ቆም ብላ አሰበች።

«ድንቡሼ! ዛሬ ሁሉም ‹አይ› ይልና ‹እሺ› ይላል። አያቴስ?»

ወደ ድንጋዩ አዩ። ምንጣፉ ባዶ ነው። ዳገቱን አዩ። እመት ዘርፌ ከሩቅ ትታያለች፣ አንድ ፍሬ አክላ። ጢኒጥ ጋቢውን እየጎተተች ሮጠች። ድንቡሼ «እማዬ! አያቴ ሄደች!» ብሎ ጮኸ። ሶስናም ውሃውን ጥላ ከድንቡሼ ጋር ከኋላ ተከተለች።

ጢኒጥ ደረሰችና የአያቷን እግር አቀፈች።

«አያቴ፣ አትሂጂ። ከእኛ ጋር ኑሪ።»

የእመት ዘርፌ ልብ መታ። አፏ ግን «ኧረ ልሂድ ልጄ፣ ቤቴ ይሻለኛል» አለ።

«ከእኛ ጋር ኑሪ እንጂ!»

ሁለት! እመት ዘርፌ ቆጠረች። «ኧረ አሮጊት ሸክም ነው ልጄ» አለች። ትንፋሿን ዋጠች። አንዲት ብቻ ቀረች። ጢኒጥም አፏን ከፈተች።

ይሄኔ ሶስና እያለከለከች ደረሰች። «ጢኒጥ! አያትሽ አይ ብለዋል። አታስጨንቂያቸው!» አለች። ልጅቱም የከፈተችውን አፍ ዘጋች።

ከእመት ዘርፌ ፊት ወደ ገደል የሚወስደው መንገድ አለ። እዚያ መጨረሻው ላይ ፀሐይ የምትሞቅበት ድንጋይ አለ፤ አጠገቡ ማንም የለም። ሦስተኛዋ ልመና ሳትወለድ ሞታለች። የሚደግማት የለም። እመት ዘርፌ በሕይወቷ ለምና አታውቅም።

«ልጄ ሶስና» አለች በመጨረሻ፤ «ተያት፣ ታስጨንቀኝ።»

ሶስና ደነገጠች። «እማማ?»

«ታስጨንቀኝ። መጨነቅ ፈልጌ ነው ሁለት ቀን ተጉዤ የመጣሁት። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ቀኑን ሙሉ በርዶኛል። ከልጆቹ መሃል መተኛትማ… እሱን ተይው። እስክትደግሚልኝ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። በአገሬ ሦስቴ ነው የሚለመነው።»

«ሦስቴ?» አለች ሶስና፤ እንባዋ ዱብ አለ። «እኔ እኮ ጠሉኝ ብዬ… በእኛ አገር አይ ያለን ሰው መድገም ንቀት ነው።»

«የእኔ ልጅ፣ ማን ይጠላሻል! እንግዲህ ነውሩንም ልቻለው። የመጣሁት ልጠይቃችሁ አይደለም። ብቻዬን ነኝ፣ መኖር ፈልጌ ነው። ሦስተኛውን እኔው ልለምን፤ አብሬያችሁ ልኑር?»

«እሺ እማማ» አለች ሶስና።

አንዴ ብቻ። እመት ዘርፌ እንደ ልማዷ ሁለተኛውን ጠበቀች፣ ሦስተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። ቀና ብላ የምራቷን ፊት ስታይ ግን ገባት። የድንጋይ ካባ ልጅ አንዴ ያለችው ቃል መድገሚያ አይፈልግም።

ጋቢውን ለአራት ለብሰው ቁልቁል ወረዱ። አንተነህ ከጥበቃው ሲመጣ እናቱ አገልግሉን በጭኗ ይዛ፣ ሁለት ጉንጯን በእሸት ሞልታ አገኛት። «እናቴ፣ በሞቴ አንድ ጉርሻ ከእኔ…» ብሎ ሳይጨርስ አፏን ከፈተችለት። ድንቡሼ ሳቀ፣ ሶስና ሳቀች፣ ጃንጥላው እስኪወዛወዝ ድረስ ሳቀ።

የዚያን ጊዜ ንስሩ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ቢያይ፣ ከተቀደደው ጃንጥላ ሥር አንድ ትልቅ ሽኮኮ የተኛ መስሎት ፈርቶ አለፈ ይባላል። አምስቱ ነበሩ፣ አሮጊቷ ከመሃል።

እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለልጆቻችሁ አካፍሉ። ለወግ ሲሆን ሁለቴ እንቢ በሉ፤ ልባችሁ የሚፈልገውን ግን ሳይመሽ ተናገሩ።