የጋሽ ድንቁ አዲስ ዲፈረንሻል

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲያጉረመርም፣ ጋሽ ድንቁ የሚባሉ የጭነት መኪና ባለቤት ሾፌራቸውን ይመርን አስጠርተው ቁርጡን ነገሩት። መኪናዋ ባለፈው ክረምት ቀዩ ዳገት ላይ አራት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። ዘንድሮ አንድ ጊዜ ብትደግመው ይመር ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይመር ደግሞ ሚስቱ አራስ ናት፤ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ አልነበረም።

በዚያ ላይ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የመኪናዋ አመል ነው። አንደኛው የኋላ ጎማ ጭቃ ላይ ማንሸራተት ሲጀምር የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ወደ እሱ ይሄድና እዚያው ቆሞ ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የረገጠው ሌላኛው ጎማ፣ መጎተት የሚችለው ማለት ነው፣ ሥራ ፈትቶ ያያል። ይመር ይህንን ለጋሽ ድንቁ ስንት ጊዜ አስረድቷል። እሳቸው ግን መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያለው ሰው ስለ መኪና ሁሉን ያውቃል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸውና ማን ይሰማዋል።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ ውስጥ እንድሪስ የሚባል መካኒክ ነገሩን ጨረሰው። የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ዲፈረንሻል ፈትቶ ጥርሶቹን ፍጥነት ቀንሰው ጉልበት በሚጨምሩ ጥርሶች ሊቀይራቸው፣ በዚያው ደግሞ መቆለፊያ ሊገጥምበት ሐሳብ አቀረበ። ከመሪው ጎን አንዲት ቁልፍ ትቀመጣለች፤ ጭቃ ሲመጣ ስትጫናት ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው እኩል ይዞራሉ፣ አንዱ ሲያንሸራትት ሌላው ይጎትታል። ጋሽ ድንቁ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥተው እሺ አሉ።

እሺ ማለታቸው ሳያንስ ሥራው የፈጀውን ሦስት ቀን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ጎማ ቀይረው የማያውቁ ሰውዬ እንድሪስን ብሎን አፈታት ያስተምሩታል። ምስኪኑ መካኒክ አዲሶቹ ጥርሶች እርስ በርስ የሚነካኩበትን ቦታ ለማየት ቀለም ቀብቶ በእጁ ሲያሽከረክራቸው፣ ጋሽ ድንቁ ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ለሚኖር ዕቃ ቀለም መቀባት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው፣ ማን ሊያየው ነው ብለው ተቆጡ። ጎማዎቹ እኩል ከዞሩ ደግሞ መኪናዋ እንዴት ትታጠፋለች፣ ቀጥ ብላ ጅቡቲ ልትገባ ነው ወይ ብለው ጮኹ። እንድሪስ መቆለፊያው ጭቃ ላይ ብቻ እንደሚሠራ፣ ደረቅ መንገድ ላይ እንደሚለቀቅ በትዕግሥት ሲነግራቸው፣ እሱንማ እኔ ልነግርህ ነበር አሉት። ይመር መኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበርና ሳቁን የሰማበት የለም። ሥራው ሲያልቅ እንደ ማንኛውም ባለመኪና አሮጌውን ዕቃ ቆጥረው ተረከቡና በጆንያ አስረው ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ ቀዩ ዳገት አናት ላይ ወዳለ መንደር የሚሄድ የሠርግ ጭነት መጣ፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት። ጋሽ ድንቁ ያ አዲስ ዕቃ ለሾፌር አይታመንም ብለው አብረው ወጡ። ጋቢና ውስጥ ገብተው መዳፋቸውን ቁልፏ ላይ ጣል አደረጉና መንገዱን ሙሉ እንደዚያው ሄዱ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ያ የታወቀው ጭቃ ጠበቃቸው። የግራው ጎማ ማንሸራተት ጀመረ። ይመር ደስ ብሎት፣ የእንድሪስ እጅ ዛሬ ሊታይ ነው ብሎ፣ ጋሽ ድንቁን አሁን ይጫኗት አላቸው።

«ምን አጣደፈህ?» አሉ ጋሽ ድንቁ፣ ቁልፏን በሁለት እጃቸው ሸፍነው። «አዲስ ዕቃ እንዲህ በሆነ ባልሆነው አይነካም። ይሄ ጭቃ ነው እንዴ? ለባሰ ጭቃ ይቀመጥ።»

የሰውዬው ነገር እንዲህ ነው። ቤታቸው የቴሌቪዥኑ ሪሞት እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው፤ ለራሳቸው የተገዛላቸውን ካፖርት ብርድ እስኪመጣ ብለው አስቀምጠውት ብል በልቶታል። ይመር ለመነ፣ አስረዳ፣ እባክዎ ጋሼ አለ። እሳቸው እቴ። መኪናዋ እንደ ድሮዋ እያጓራች ቁልቁል ሰመጠችና አንድ ጎኗ ላይ ዘንበል ብላ ቆመች።

ጩኸቷን የሰሙት ሠርገኞች ከበሮአቸውን ይዘው እየዘፈኑ ከላይ ወረዱ። ድንኳናቸው ነውና ምን ያድርጉ። ጋሽ ድንቁ ይሄኔ ጥፋቱን ሁሉ በይመር ላይ ደፍድፈው፣ ድሮም መንዳት አትችልም ብለው አስወረዱትና መሪውን ራሳቸው ያዙ። እሱ ከኋላ እንዲገፋ፣ መኪናዋ ካልወጣች የሾፌርነቱ ነገር እዚሁ እንደሚያልቅ ነገሩት።

ሕዝቡ ትከሻውን አስደግፎ መግፋት ጀመረ። ከበሮው ይመታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ጎማው ደግሞ ጭቃውን እየዛቀ በላያቸው ላይ ይረጫል። ሚዜዎቹ ከነሱፋቸው ቀይ ሆኑ። የሙሽራው አጎት ከዓይናቸው በቀር የሚታወቅ ነገር አልቀራቸውም። በዚህ መሐል ደመናው ጠቁሮ ተመልሶ መጣ። ይመር ትንሽ ገፋ። ከዚያ የዚያችን የማትነካ ቁልፍ ነገር ሲያስበው ንዴትም ሳቅም አንድ ላይ መጣበት። እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሳና ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ።

ጋሽ ድንቁ በመስታወት አዩትና ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አወጡ። ከበሮው ዝም አለ።

«አንተ ይመር፣ አገር ሲገፋ አንተ እጅህን ኪስህ ከተህ ታያለህ? ወይ ግፋ፣ ወይ ዛሬውኑ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ይመር አንገቱን ሰበር አድርጎ በአክብሮት መለሰላቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ጉልበት እኮ አዲስ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ገንፎ በልቼ ያመጣሁት። በሆነ ባልሆነው አልነካውም፣ ለባሰ ጭቃ ይቀመጥ።»

መጀመሪያ የሳቁት የሙሽራው አጎት ናቸው። ከዚያ እኛስ ያለንን ጉልበት ምን ያስጨርሰናል፣ ማታ የምንጨፍርበት ነው ብለው እጃቸውን አነሱ። ሚዜዎቹም አነሱ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ተቀመጡ፤ ከበሮ መቺው ከበሮው ላይ ተደፋ። መኪናዋን የሚነካ አንድ ሰው ጠፋ። ጋሽ ድንቁ ሕዝቡን አዩ፣ ደመናውን አዩ፣ ቁልፏን አዩ። ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ ጥርስ የሚነቀልለት ሰው እንደሚያደርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኗት።

ሁለቱ ጎማዎች እኩል መሬቱን ያዙና መኪናዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ዳገቱን ወጣች፤ ዘፋኙ ሁሉ እየሳቀ ከኋላዋ ሮጠ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ድንቁ ከመሪው ወርደው፣ የሾፌሩን በር በእጃቸው ይዘው ይመር እስኪደርስ ጠበቁትና፣ «ግባ፣ ንዳ እንግዲህ» አሉት።