በሐረጎ ዳገት የታፈነችው ቮልስ

እኛ አገር ሰው ሁሉ የሚተርታት የቱቦ ተረት፣ ከመጽሐፍ የወጣች የሚመስለው አለ። ምን ከመጽሐፍ! የወጣችው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከሚያወጣው ከሐረጎ ዳገት ነው፤ እኔም ሚዜ ሆኜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር።

ሙሽራው ጓደኛዬ አስራደ ነው። ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ ወንድይፍራው አንዲት ቢጫ ቮልስ አለቻቸው፤ ባለቤታቸውን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያገቡባት መኪና ናት። ሽማግሌ ሆነው ደሴ የሄዱ ዕለት፣ አስራደም ሙሽሪትን የሚያወጣው በዚያችው ነው ብለው ተናገሩ። የሙሽሪት አጎት አቶ ደምሰው ሳቁባቸው።

"ይህች አሮጊት ሐረጎን አትወጣም። በገመድ ተጎትታ ከመጣች ልጃችን በእኔ መኪና ትወጣለች። በራሷ ከመጣች ግን በሩን ራሴ እከፍትላችኋለሁ፤ ሴቶቹም አናስገባም አይሏችሁም" አሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው እሺ አሉ። ለሌላው ቀልድ ነበር፤ ለእሳቸው ግን የሟች ሚስታቸው ክብር ነው።

የሰርጉ ጠዋት የጥሎሹን ሻንጣ የጫነው አንደኛ ሚዜው ጌታሰው ነው። ደግ ልጅ ነው፣ ችኮላው ግን አያድርስ! በቮልስ ሻንጣ የሚጫነው ከፊት ነው፤ የቤንዚን ታንኩም እዚያው ነው። ከታንኩ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ወጥታ ወደ ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ወዳለች ከሰል የተሞላች ቆርቆሮ ትሄዳለች። ሻንጣው አልገባ አለው። ደግሞም የሙሽሪት ልብስ ቤንዚን ቤንዚን እንዳይሸት ሰጋ። ቱቦዋን ነቅሎ፣ አጥፎ፣ በሽቦ ጥርቅም አድርጎ አሰራት። ለማንም አልተናገረም፤ ምን ብሎ ይናገር፣ ቁም ነገር የሠራ መስሎታል።

ጋሽ ወንድይፍራው መሪውን ይዘው፣ ከኮምቦልቻ በጭብጨባ ወጣን። ሐረጎን ስናጋምስ ቮልሷን ሳል ሳል አላትና ቀጥ ብላ ቆመች። ቢያስነሷት ትንሽ ሄዳ እንደገና ጠፋች። ይባስ ብሎ፣ ልቀበላችሁ ያለው የአቶ ደምሰው ልጅ በመኪናው ቁልቁል መጣ፤ ገመዱንም አልረሳም። አስራደ ፊቱ አመድ መሰለ። ጌታሰው እንደ ልማዱ፣ ረፍዷል፣ ይታሰርና እንሂድ ማለት ጀመረ።

"ገመድ የሚነካ ሰው እንዳላይ" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

ወርደው የታንኩን ክዳን ሲከፍቱት፣ ፉሽሽ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። እሳቸው ያን ሲሰሙ ሳቁ፤ እኛ ደግሞ አበዱ እንዴ ብለን ተያየን። ሻንጣውን አውርደው ቱቦዋን ከነሽቦዋ አገኟት።

"ማነው ያነቃት?" አሉ። ጌታሰው አቀረቀረ። "ልጄ፣ ቤንዚኑ ሲጎድል አየር ሊተካው ይገባል። ታንኩ የሚተነፍሰው በዚህች ነው። የፈራኸውንም ሽታ ወስዳ ለከሰሉ የምትሰጠው እሷው ናት፤ ሞተሩ ከዚያ ስቦ ያቃጥለዋል።"

ቱቦዋን ወደ ቦታዋ መለሷት። ሻንጣውን ጌታሰው ታቀፈው፤ እስከ ደሴም ከጭኑ አልወረደም።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! ቮልሷ እያጓራች ሐረጎን ወጣችው፤ ባለገመዱ ከኋላ አጃቢያችን ሆነ። ጥሩምባችንን እየነፋን ደጁ ላይ ስንደርስ አቶ ደምሰው ቃላቸውን አላጠፉም፤ በሩን በገዛ እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱት። ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉን። ጋሽ ወንድይፍራው መሪውን እንደያዙ እንባቸው ወረደ፤ "እሷንም ያወጣኋት እንዲሁ ነበር" አሉ። ደስታቸው ለሁላችንም ተረፈ።

ምሳ ላይ ከሙሽሪት ወገን የሆኑ አንድ አዛውንት፣ ያ ሚዜ ምን ሆኖ ነው ሻንጣ እንደ ሕፃን ታቅፎ የመጣው ብለው ጠየቁ። ነገሩ ከሥር ከመሠረቱ ተነገራቸው። ብርሌያቸውን አስቀምጠው ጌታሰውን ትክ ብለው አዩትና፣ "አዬ ልጄ፣ ቀጭኑ ቱቦ ካልተነፈሰ፣ ሰርገኛው መቼ ደረሰ!" አሉት።