ቁመቱ ለእኛ፣ ሽታው ለእናንተ

በወንዝ ማዶ ከተማ የሥራውን ወግ እየወደደ ድካሙን የሚሸሽ ሰው ሲያጋጥም፣ ትልልቆቹ ፈገግ ብለው አንድ ተረት ጣል ያደርጋሉ። እንግዳ ሰው የጥንት አባቶች አባባል ይመስለዋል። ተረቱ ግን ገና ልጅ ነው፤ የተወለደውም በከተማዋ ትምህርት ቤት ግቢ፣ በአንድ ነፋሻ የመጋቢት ቀን ነው።

ርእሰ መምህሩ የግቢው ቆሻሻ ቢያስመርራቸው ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ውድድር አወጡ። ግቢው ከባንዲራው እንጨት ወዲህና ወዲያ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለሰባት ሀ፣ ግማሹ ለሰባት ለ። ፕላስቲኩ ለብቻው ይለቀማል፣ የሚበሰብሰው ሁሉ ለኮምፖስት ይከመራል። በወላጆች ቀን ክምሩ ከፍ ብሎ የተገኘ ክፍል ዓመቱ እስኪያልቅ ደወል ይደውላል። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ እሱን በብረት መምታት የማይመኝ ልጅ ግን በትምህርት ቤቱ አልነበረም።

የሰባት ሀ አለቃ ማስተዋል ደወሉን በሕልሟ ሳይቀር ትመታው ነበር። ችግሩ፣ በአጥሩ ቀዳዳ የሚገቡት ላሞች የሚያድሩት በእነሱ በኩል ነው። ከግራቪሊያው ዛፍ ቅጠል እኩል እበቱ ሞልቷል። እጇን አየች፤ አዲሱን ዩኒፎርሟን አየች። ከዚያ የሰባት ለን አለቃ አዳሙን ጠራችው።

«እንለዋወጥ። የእኛን እበትና እርጥብ ነገር ውሰዱ፤ የእናንተን ደረቅ ቅጠል ስጡን።»

«እበቱን ሁሉ?»

«ምንም ሳታስቀሩ! ቁመቱ ለእኛ፣ ሽታው ለእናንተ!» የክፍሏ ልጆች በሳቅ ፈነዱ።

«ኋላ መልስ እንዳትይኝ» አለና አዳሙ ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። እበት ነክቶት ስለነበር ማስተዋል ክርኗን አቀበለችው።

የሰባት ሀ ክምር ብዙም ሳይቆይ መስኮት ደረሰ። የግብርናው መምህር ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ማስተዋል፣ ውሃ አርከፍክፉበት እንጂ።»

«ይጠቀጠቅና ያጥርብናል፣ ቲቸር።»

«እሺ አፈር አልብሱት።»

«አፈርማ ጭራሽ ይጫነዋል!»

መምህሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አለፉ። የሰባት ለ ልጆች ደግሞ እበቱን ከሣር፣ ከተመጠጠ ሸንኮራና ከአመድ ጋር እየደረቡ፣ ውሃ እያጠጡ ከረሙ። ክምራቸው ከወገብ አላለፈም። ሀዎች አፍንጫቸውን ይዘው «እንዴት አደራችሁ፣ በረቶች!» ይሏቸው ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ማስተዋል ጤዛ እንዳያረጥበው ክምሩን የሸፈኑበትን ሸራ ልክ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጠችው። ወላጆች አጨበጨቡ፤ የትምህርት ቤቱ ዘማሪዎች ተሰለፉ። ርእሰ መምህሩ «እንግዲህ አሸናፊው…» ብለው እጃቸውን ሲያነሡ፣ ነፋሱም ከወንዙ በኩል ብድግ አለ።

ቅጠሉ ሁሉ ተነሣ። ሊዘምር የተከፈተ አፍ ውስጥ ገባ፣ የእናቶች ሻሽ ላይ ተለጠፈ። ማስተዋል መልሳ ልትሸፍነው «ያዙት! ያዙት!» እያለች ስትሮጥ፣ ሸራው ራሱ ተነፍቶ ይጎትታት ጀመር። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ነፋሱ ሲያርፍ የተጠረገው ሜዳ እንዳለ ቅጠል ለብሷል፤ መስኮት ያህል የነበረው ክምር ከጉልበት በታች ቀርቷል። የሰባት ለ ክምር ግን ንቅንቅ አላለም፤ አናቱ ላይ ቀጭን እንፋሎት ይጤሳል።

ደወሉ ለእነሱ ሆነ። ማስተዋል እንባዋ ሲመጣ፣ አዳሙ ለሙቀት መለኪያ ክምሩ ውስጥ ሰክተውት የነበረውን እንጨት መዝዞ ወደ እሷ መጣ።

«ንኪው።»

ነካችው። እንደ ጫጩት ሆድ ይሞቃል። ሳታስበው ፈገግ አለች።

«ደረቅ ያንሰዋል ብለውናል ቲቸር። ቅጠላችሁን አምጡና አብረን እንደርብ፤ ደወሉንም በተራ እንመታለን።»

«ሽታውስ?»

«እሱማ ለሁላችን ነው!»

ማስተዋል እጅጌዋን ጠቀለለች። ሁለቱ ክፍሎች ተደባልቀው፣ እየተሳሳቁ፣ ክርናቸው ድረስ እበት ውስጥ ገቡ። ሲጨርሱ አዳሙ ብረቱን ሰጣት። በዚያው በእበት እጇ ቸርኬውን መታችው፤ ድምፁ ወንዙን ተሻገረ።

የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑት አዛውንቱ አያ ደምላሽ፣ ከጋቢያቸው ላይ ቅጠል እየለቀሙ እንባቸው እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ፣ እጇን እያዩ እንዲህ አሏት፦ «አይ ልጄ፣ እበት የናቀ፣ ክምሩን ነፋስ ነጠቀ!»