ኮርኒሱን የሰበረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤቱን ከልክ በላይ የሚወድ።

ሐረገወይን፣ ጥያቄሽን ዘንግቼው አይደለም። የቀድሞ መምህርሽ ነኝና አዲስ የኮሌጅ ዲን ሆነሽ ስትጨነቂ ልታማክሪኝ መጣሽ። ካንቺ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች ከላቦራቶሪ ሥራው ያባረሩት አንድ ሰው ዛሬም «ተበድያለሁ» እያለ ደጅሽ ይመላለሳል። ኮሌጁ ሰላም ነው፤ የወሰኑበትም ሰዎች ተመስግነው ጡረታ ወጥተዋል። «የተዘጋ ነገር ከፍቼ ሰላሙን ላደፍርስ ወይስ ልተወው?» አልሽኝ። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ሰውየው በቆላ ከተማ ጥጥ ነግዶ የበለጸገ ነው። በዚያ አገር ፀሐይ ገና በጠዋቱ የበር እጀታ ታግላለች፤ ያለ ኤሲ መኖር ለቻለው እንጂ ለሁሉም አይሆንም። ቤቱን ሲሠራ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ኤሲ ጠላው። «ግድግዳዬ ላይ ሳጥን አልሰቅልም» አለ። አንድ ትልቅ ኤሲ አስመጥቶ ከቤቱ ጀርባ አስተከለና ቀዝቃዛውን አየር ከኮርኒሱ በላይ በላሜራ ቱቦ እያሳለፈ ለየክፍሉ አደለው። ከቱቦው በታች ደግሞ የጅብሰም ኮርኒስ አሠራ። ኮርኒሱን የሠራው ባለሙያ እጁ የተባረከ ነበር። ወይኑን ከነዘለላው፣ ቅጠሉን ከነጅማቱ እያወጣ ሳሎኑን የአትክልት ቦታ አስመሰለው። ሥራው ሊያልቅ ሲል «ወደ ቱቦው የሚገባበት በር የት ጋ ልተው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው ሳቀበት። «አንተ ሙሽራ ስትኳል ፊቷ ላይ ጠባሳ ትተዋለህ?»

ኮርኒሱ ያለ በር ተዘጋ።

ከአጥሩ ማዶ ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቱ ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። እሷ በየክፍሉ አንዳንድ ሳጥን ሰቀለች፤ የእያንዳንዱም ጓደኛ የሆነው ሞተር ከውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል።

«እትዬ፣ ቤትሽ እኮ ሱቅ መሰለ» ይላታል።

«ሱቅ መልካም ነው። ያለውም የጎደለውም በዓይን ይታያል» ትለዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሳጥኖቹን ክዳን በሁለት ጣቷ ከፍታ ፊልትሮዎቹን ታወጣለች፤ በቧንቧ ውኃ አጥባ ጥላ ሥር በገመድ ላይ ታሰጣቸዋለች። ሠፈሩ «የእሷ ኤሲዎች የክት ልብስ አላቸው» እያለ ይስቅ ነበር።

እውነቱን አልደብቅሽም፤ የእሷ ኤሲዎች ይታመሙ ነበር። አንዱ ውኃ ያንጠባጥባል። የአንዱ የውጭ አካል በአቧራ ታፍኖ ያቃስታል። የሌላው ቦርድ ተቃጠለና ምትክ ታጣ፤ እነዚያ ነገሮች ሥሪታቸው አንድ ካልሆነ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። ያ ኤሲ ሞቶ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ከረመና ጨርቅ ጣል አደረገችበት። የዚያ ክፍል ልጆች ፍራሻቸውን ጎትተው እናታቸው ክፍል ተኙ። ቤቷ ሙሉ በሙሉ ደህና የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሙሉ በሙሉ የታመመበት ጊዜ ግን አልነበረም።

የወንድሟን ትልቅ ኤሲ ደግሞ ሳላደንቅ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ድምፁ አይሰማም። ፀሐይ ላይ ቆሞ ዓመት ከዓመት ሠራ። ቺንጋው ሲበጠስም ሆነ ሞተሩ ሲደክም ምትኩ በየትኛውም ከተማ ይገኛል፤ በጠዋት ቆሞ ከቀትር በፊት ይነሣል።

«የእኔ አሞት አያውቅም» ይላል ሰውየው።

«ጠይቀኸው ታውቃለህ?» ትለዋለች እህቱ።

ሽማግሌ አባታቸው የሚኖሩት ከወንድ ልጃቸው ጋር ነበር። ዕድሜ ተጭኗቸው አልጋ ይዘዋል። ክፍላቸው በስተኋላ፣ ቱቦው የሚያልቅበት ላይ ነው። አንድ ቀን «ልጄ፣ እዚህ ይሞቃል» አሉ። ሰውየው ወጥቶ ኤሲውን አየ፤ ይሠራል። ሳሎን ገባ፤ ቀዝቃዛ ነው።

«አባባ፣ አየሩ እኮ የሁላችንም አንድ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ሰንብተው ደገሙት። ልጅ ነውና ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው ትልቁን ኤሲ ፈታትቶ መረመረና «ደህና ነው» አለ። አልዋሸም። ኤሲው ደህና ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሽማግሌው ሙቀት ስም ይወጣለት ጀመር። አንዱ እርጅና ነው አለ፤ ሌላው ደም ግፊት። ምራታቸው «አባባ የሚሞቃቸው የሚያጫውታቸው ሲያጡ ነው» አለች፤ በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው። ሰውየው ቅዝቃዜውን ጨመረላቸው። ሳሎን ያሉት በቆላ አገር ጋቢ ደረቡ፤ ሽማግሌው እንዳላባቸው ቀሩ። ሰው እሱ ራሱ እየበረደው ሳለ ሌላውን ይሞቀዋል ብሎ ማመን ይከብደዋል። በኋላ ሽማግሌው መናገሩን ተዉት። ሲጠየቁ «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ቤተሰቡም ተሻላቸው ብሎ ደስ አለው።

ሙቀቱ በጸናበት ወር እህትየዋ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። የዚያን ዕለት በሰውየው ቤት የሴት ልጁ ቀለበት ነበርና ሰዉ ሁሉ ጉድ ጉድ ይላል። አባቷ ከንፈራቸው ደርቋል፤ አንሶላቸው ርሷል፤ ምሳቸው እንደቀረበ ሳይነካ ተቀምጧል። ወንበር ላይ ወጥታ የነጠላዋን ጫፍ አየሩ ከሚወጣበት ፍርግርግ ሥር ያዘችው። የጥለቱ ክር አልተንቀሳቀሰም።

ወንድሟን ጠርታ አሳየችው። እሱም ወንበሩ ላይ ወጣ፤ እጁን ዘረጋ፤ እጁን መለሰ።

«እንዲህ ከዋሉ አይከርሙም። ወደ እኔ ልውሰዳቸው» አለች።

«አልሄድም» አሉ ሽማግሌው ከአልጋቸው። «ዛሬ እንግዳ አለ። አባቱን አስወጣ ይሉታል።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሙቀቱን የተሸከሙለት ስሙ እንዳይነሣ ብለው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። በነጭ ሸሚዙ ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ዘነዘና ይዞ ተመለሰ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች። «ምነው፣ ነገ ቢሆንስ? እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

«እሳቸውም መንገድ ላይ ናቸው» አላት።

ከአባቱ ክፍል ጀመረ። በኮርኒሱ ቀዳዳ ቱቦውን ሲዳስሰው ትኩስ ነው። ወደ ኋላ እየተከተለው መተላለፊያውን ሰበረ፤ እዚያም ትኩስ ነው። ከሳሎኑ ጠርዝ፣ ያ የወይን ዘለላ ካለበት ላይ ደረሰ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዘነዘናውን አነሣ። ዘለላው ከነቅጠሉ ለእንግዳ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ወረደ።

በቀዳዳው ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው። ቱቦው መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ኖሯል። ወደ አባቱ ክፍል መሄድ የነበረበት ቅዝቃዜ ሁሉ ከኮርኒሱ በላይ ይፈስሳል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሌሊት ወፎች የጣራው አግዳሚ እንጨት ላይ ተደርድረው ተመቻችተው ተንጠልጥለዋል።

«ለካ አባቴን እያላባቸው እነዚህን ሳስተናግድ ኖሬያለሁ» አለ።

ሥራው ራሱ ምንም አልነበረም፤ ጥቂት ብሎንና አንድ ጥቅል ማሸጊያ። ባለሙያው ደርሶ ሲያጠብቀው የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ገቡ። ምንጣፉ ላይ የወይን ስብርባሪ፣ ባለቤቱ ደግሞ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ። ማንንም ሳያስተናግድ ወደ ኋላ ክፍል ሄደና ከአልጋው አጠገብ በጉልበቱ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ይሞቃል ሲሉኝ ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ ያላመንኩዎት።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «ወፍጮ ቤት ነው የዋልከው?» አሉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አየሩን በፊታቸው ተቀበሉት። እህትየዋ ከነጠላዋ አንድ ክር መዝዛ ፍርግርጉ ላይ አሰረች። ክሩ ይውለበለብ ነበር። ሽማግሌው ተኝተው የሚያዩት እሱን ሆነ።

ከቀለበቱ በኋላ ያ የጅብሰም ባለሙያ ተጠራ። «እኔ እራሴ እንኳ እንዳልለየው አድርጌ እገጥመዋለሁ» አለ፤ ይችላልም። ሰውየው እንቢ አለ። በመተላለፊያውና በሳሎኑ፣ በዚያ ሁሉ አበባ መካከል፣ ጌጥ የሌለው የእንጨት በር ከነእጀታው አስገጠመ። አዲስ እንግዳ ሲመጣ ቀና ይልና «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። «የአባቴ በር ነው» ይለዋል። ቅዳሜ እህቱ ፊልትሮ ስታጥብ እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ በሩን ከፍቶ ይዳስሳል።

«እንግዲህ ሳጥን ልትሰቅል ነው?» አለችው አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ።

«ምን በወጣኝ። አሁን እኮ የእኔም ይከፈታል።»

እንግዲህ ሐረገወይን፣ ከሁለቱ ኤሲ የቱ ይበልጣል ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ የእህትየዋ ቶሎ ይታመማል፣ ሕመሙ ግን ከአንድ ክፍል አያልፍም፣ አይሸሸግምም። ትልቁ ብርቱ ነው፤ ብርታቱ ግን የተጎዳውን ክፍል ይሸፍናል። ያንቺ ኮሌጅ ትልቁ ነው። በየክፍሉ ሳጥን ስቀዪ አልልሽም፤ የማይሆን ነገር ነው። «ሰላም ነን፣ ሁሉም ደህና ነው» የሚሉሽም አይዋሹም። የመረመሩት ኤሲውን ነው፤ የተቀመጡትም ሳሎን ነው። የእኔን ነገር ተዪው፤ እኔም ተበድዬ የሰማኝ የለም፤ የእኔ ኮርኒስ ከነወይኑ እንደተዘጋ አለ፣ ከሥሩም ሆኜ «እርጅና ነው» ተብያለሁ። ያንን ነጋዴ ከማውቃቸው ምሁራን ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን ለዚህ ነው። አባቱ በዝምታቸው የጠበቁለትን ስሙን፣ የራሱን ወይን፣ በልጁ ቀለበት ቀን፣ በገዛ እጁ ሰበረ። ጠባሳውንም በር አደረገው።

ደጅሽ የሚመላለሰው ሰው እውነተኛ ነው ብለሽ ፍረጂ አላልኩም። መጀመሪያ ክፍሉ ድረስ ሂጂና ክሩን ያዢለት። ከተንቀሳቀሰ «ደህና ነህ» በዪው፤ ያኔ ያምንሻል። ካልተንቀሳቀሰ ግን እንግዳው እስኪሄድ አትጠብቂ። ስትጨርሺም የከፈትሽውን መልሰሽ አትለስኚው።