በቁንጥር ሚጥሚጣ የተገኘ ተራ

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ለአርባ ሰከንድ ስልሳ ሺህ ብር ከፈለ። አንዱ ሰከንድ በሺህ አምስት መቶ ብር መሆኑ ነው። ተታሎ አልነበረም፤ በዕድሜው ሙሉ አንድ ኪሎ በርበሬ እንኳ ሳይመዝን ገዝቶ አያውቅም።

ስሙ ደግፌ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ ተሸካሚ ሳለ፣ አንድ ቀን ከጭነት መኪና ጆንያ ሲያወርድ አየር ወለዶች ከሰማይ በጃንጥላ ሲወርዱ አየ። በርበሬ የታጨቀ ጆንያ ጀርባው ላይ ስለነበረ ቀና ማለት አልቻለም። አንገቱን አጣሞ፣ በአንድ ዓይኑ፣ አሥራ ሦስት ጃንጥላ ቆጠረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ተመኘ፤ ጀርባው ላይ ምንም ሳይኖር አየር ላይ መሆንን።

በእነዚህ ዓመታት ተሸካሚነቱን ትቶ ቸርቻሪ ሆነ፣ ወፍጮ ገዛ፣ ወፍጮዎቹ አራት ደረሱ። ምኞቱ ግን እዚያው ነበር። ለባልንጀሮቹ ሲያወራላቸው ይስቁበታል። አንዱ፣ ደግፌ ከሰማይ የወረደ ቀን አገሩ ሁሉ ሲያስነጥስ ይውላል አለ። ሌላው ደግሞ ጃንጥላውስ ጀርባ ላይ አይደለም ወይ የሚታዘለው ብሎ ጠየቀው። ለዚህኛው ደግፌ መልስ አጣለት።

ስልሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው መልሱን አገኘ። ወርዶፋ የሚባል ከአየር ወለድ የተሰናበተ ሻምበል በዓመት አንድ ቀን ትንሽ አውሮፕላን እየተከራየ፣ ሐይቅ ዳር ካለ ሜዳ ሰዎችን ወደ ላይ እየወሰደ ያዘልላል። ጀማሪ ብቻውን አይዘልም። ሻምበሉ ከፊቱ አስሮት አብረው ይወድቃሉ፤ አርባ ሰከንድ ከወደቁ በኋላ ጃንጥላው ይከፈትና በእርጋታ ይወርዳሉ። ጃንጥላው የሚታዘለው በሻምበሉ ጀርባ ነው።

ደግፌ ሊመዘገብ ሲሄድ ሻምበሉ ስለ ጤናው ጠየቀው። ልቡ ደህና ነው፣ ጉልበቱ ደህና ነው፤ አፍንጫው ግን የሠላሳ ዓመት የበርበሬ ብናኝ የጠጣ ነው። ሳይነስ አለብህ ብለውታል፤ ግንባሩን ይከብደዋል። ሻምበሉ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ጋሼ ደግፌ፣ ግንባራችንና ጉንጫችን ውስጥ አየር የሚይዙ ጓዳዎች አሉ። ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ ራሱ መንገድ ፈልጎ ይወጣል። ስንወርድ ግን ተመልሶ መግባት አለበት፤ በሩ አብጦ ከተዘጋ ጓዳው የገዛ ሥጋውን ይስባል። ሲወጡ አይታወቅዎትም። ሲወርዱ ነው የሚታወቅዎት።»

ከዚያም የሚያደርገውን ነገረው። ለሁለት ሳምንት ወፍጮ ቤት እንዳይገባ፤ አፍልቶ ለብ ባደረገው የጨው ውኃ ጠዋትና ማታ አፍንጫውን እንዲያጥብ፤ ካልተከፈተለት ሐኪም እንዲያይ። በዕለቱ አፍንጫውን ይዞ፣ አፉን ገጥሞ፣ በቀስታ ሲነፋ ጆሮዎቹ ካልተከፈቱ አይዘልም። ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጥለታል።

ደግፌ በአሥራ አራት ቀን ሃያ ስምንት ጊዜ በጨው ውኃ ታጠበ። ከወፍጮ ቤት ግን አልራቀም። አዲሱ የማረቆ በርበሬ የገባው በዚያው ሰሞን ነው፤ ያለ እሱ ዓይን ወፍጮዎቹ በቀን ስንት እንደሚያጎድሉ ያውቃል። ሊዘል አንድ ቀን ሲቀረው ሁለቱም የአፍንጫው ቀዳዳዎች ተዘጉ።

ቁጭ ብሎ አሰበ። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ስልሳ አራት ይሞላዋል። ያቺን አንዲት ዓመት ዋስ ሆኖ የሚያቆይለት የለም። እንዲህ ሲያስብ በርበሬ ተራ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ትዝ አለው። አፍንጫ ሲዘጋ አንድ ቁንጥር ሚጥሚጣ አውራ ጣት ላይ አድርገው ይስቡታል። ያስነጥሳል፣ ያስነባል፣ አፍንጫውም እንደ በር ይበረገዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ደግፌ ግን የሚቆጥር ሰው ስለሆነ የቀረውንም ያውቅ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ የሚቆየው አርባ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከበፊቱ ብሶ ይዘጋል።

አውሮፕላኑ ለመውጣት ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። አርባ ሰከንዱና ጃንጥላው ተከፍቶ የሚወርዱበት ጊዜ ተደምሮ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ለፈተናውና ለመሳፈሪያው አሥራ ሁለት ደቂቃ ይተርፈዋል። ለዚህ ግን የመጀመሪያው ዘላይ መሆን ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ከዘጠኙ ተመዝጋቢዎች ሁለተኛው ነው።

አንደኛዋ እትዬ ላቀች ነበሩ። የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው በጡረታ የወጡ። ጠዋት ሜዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ። ደግፌ ከግራሩ ጀርባ ዞሮ ሚጥሚጣውን ሳበና ዓይኑ እንባ አቅርሮ አጠገባቸው ተቀመጠ። አስነጠሰ። ይማርህ አሉት። ደግሞ አስነጠሰ፤ ደግመው ይማርህ አሉት። ስድስተኛው ላይ ሳቁ።

«ምሕረቱን ጨረስከው እኮ። ለእኛ አታስቀርልንም?»

ሰባት ጊዜ አስነጥሶ አፍንጫው ተከፈተ። ያኔ፣ ቶሎ መመለስ ያለብኝ ጉዳይ አለ ብሎ ተራቸውን ለመናቸው። እሳቸውም ምን እንደሚጠብቁ ሳይደብቁ ነገሩት። አርባ ዓመት ይህንን ሐይቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲስሉ ኖረዋል። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ልክ ስለውት ይሁን አይሁን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ።

«ሂድ» አሉት በመጨረሻ። «ይህን ያህል ዘመን ጠብቄ ግማሽ ሰዓት ምን አላት። ግን ያየኸውን ትነግረኛለህ።»

እነግርዎታለሁ አለ።

ሻምበሉ ፈተነው። ደግፌ አፍንጫውን ይዞ ነፋ፤ ጆሮዎቹ ተከፈቱ። ሻምበሉ ግንባሩን በአውራ ጣቱ ጫን አለው፤ አልቆረቆረውም። አለፈ።

ወደ ላይ ሲወጡ ምንም አላመመውም። ሻምበሉ ያጋነነ መሰለው። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን ከታች ነፋስ ተነሣ ተባለና ነፋሱ እስኪረጋ ድረስ አውሮፕላኑ አየር ላይ ይዞር ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ደግፌ ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ። የግራ ቀዳዳው ቀስ ብሎ ሲከደን ተሰማው። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። አልተናገረም።

ዘለሉ።

እስከ አምስት ድረስ ቆጠረ። ስድስተኛው ሰከንድ ላይ ከቅንድቡ በላይ ችንካር የገባ መሰለው። ሰባተኛው ላይ ችንካሩ እስከ ጥርሱ ሥር ወረደ። ዓይኑን ጨፈነ። አርባ አንድ ዓመት የተመኘው አየር ጉንጩን እየመታው ያልፋል፤ ሐይቁ ከሥሩ ተዘርግቷል፤ እሱ ግን በሁለት እጁ ግንባሩን ይዞ ጨለማ ውስጥ ይወድቃል። ጃንጥላው ሲከፈትም ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ገና እየወረዱ ነውና። መሬት ሲቃረቡ ሻምበሉ እግርዎን ያንሱ፣ እግርዎን ያንሱ ይለው ነበር። የተዘጋ ጆሮ አይሰማም። የሁለቱም ክብደት በሻምበሉ ቀኝ እግር ላይ አረፈ፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ።

ከሻምበሉ ሌላ የሚያዘልል አልነበረም። ስምንት ሰዎች ሜዳው ላይ ቆመው አውሮፕላኑ ባዶውን ሲሄድ አዩ። ገንዘባቸው ለሁሉም ተመለሰላቸው። ገንዘብ ይመለሳል።

ደግፌ ከአፍንጫው ደም እየወረደ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ እትዬ ላቀች መጥተው ነጠላቸውን ቀድደው ሰጡት። ደሙ እስኪቆም ጠበቁ። ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ጠየቁት።

«እሺ፣ ምን ይመስላል?»

ደግፌ ቀና ብሎ አያቸው። በርበሬውን በፍሬ፣ ዓመቱን በቀን የሚቆጥረው ሰው አንድ እንኳ የሚነግራቸው ነገር አልነበረውም። «አላየሁትም» አላቸው።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ፤ ከሜዳው የሚታየው ዳርቻው ብቻ ነው።

ደግፌ ሁለት ወር ታከመ። እግሩ በጄሶ የታሰረውን ሻምበል ሊጠይቅ ሄዶ የሚጥሚጣውን ነገር አልደበቀውም። ሻምበሉ «በሩን ለራስዎ ነው የከፈቱት ወይስ ለእኔ?» አለው። 

በዓመቱ የሻምበሉ እግር ድኖ አውሮፕላኑ ተመልሶ መጣ። ደግፌ በዚያ ዓመት አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ወፍጮ ቤት አልገባም፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታትማ በበሩም አላለፈ። ወፍጮዎቹ ያጎደሉትን ያጉድሉ አለ። ሊመዘገብ ሲሄድ የእትዬ ላቀችን ሒሳብ ጨምሮ ይዞ ነበር፤ ስማቸውን ግን መዝገቡ ላይ አጣው። ቤታቸው ሄዶ ጠየቃቸው። በመካከሉ ልባቸውን ታመው ሐኪም ለዘለዓለም ከልክሏቸዋል። የጎደለኝ ገንዘብ አይደለም ብለው ብሩን መለሱለት። «ተራዬን አንተው ሂድበት» አሉት፤ ሲሉትም አልተቆጡም።

ሄደ። ጆሮዎቹ ያለ ሚጥሚጣ ተከፈቱ። ሲወጣ አላመመውም፤ ሲወርድም አላመመው። አርባውንም ሰከንድ ዓይኑን ሳይጨፍን ወደቀ። ጀርባው ላይ ምንም አልነበረም። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር እያየ፣ እንዳይረሳው በልቡ እየደጋገመ ወረደ።

በማግስቱ እትዬ ላቀች ቤት ሄዶ ተቀመጠና ነገራቸው። በምሥራቅ በኩል ይጎብጣል፤ በስተደቡብ ወገቡን የታሰረ ይመስላል፤ አራት ደሴቶች አሉት፣ አንደኛዋ ብቻዋን የተዘራች ባቄላ ታክላለች። እሳቸው ወረቀት ዘርግተው እሱ የሚለውን በእርሳስ ይስላሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት።

«ጥሩ አድርገህ ነገርከኝ፣ ወንድሜ» አሉት። «እኔ ግን መስማት አልነበረም የፈለግኩት።»

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። ለፈታኝ ብለን የከፈትነው በር ለራሳችን ስንፈልገው ይዘጋል። ውስጣችን የታመመውን ነገር ወደ ላይ ስንወጣ አናውቀውም፤ ስንወርድ ነው የሚነግረን፣ ስንወርድ ደግሞ ብቻችንን አንወርድም። እርስዎስ አንባቢ፣ ሳይድኑ የዳኑ መስለው የወሰዱት ተራ የማን ነበር?

ሒሳቡን እንዝጋ። ትርፍ፣ አርባ ሰከንድ። ኪሳራ፣ አርባ ሰከንድ። ለሚያየው ሰው እኩል ነው። ትርፉ ግን የእሱ ነው፤ ኪሳራው የእሳቸው።