የክንድ ልክ

ከማሽላው ማሳ ማዶ፣ ሰርዶ በሸፈነው ቦይ ዳር ፌንጣዎች በሥርዓት ይኖሩ ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከላይ በእያንዳንዱ አገዳ ላይ አንድ ጌታ ይቀመጣል፤ ከታች ፌንጣው ይግጣል፤ ጌታው ሲርበው ግብር ይቀበላል፤ ግብሩም ራሱ ፌንጣው ነው።

ጌቶቹ እጅ ነሺዎች ይባሉ ነበር። አንገታቸው ቀጭን፣ ፊታቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ሁለቱን የፊት ክንዶቻቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው፣ ሹም ፊት እንደ ቀረበ ባለጉዳይ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቆማሉ። ከሩቅ ላያቸው ትሑታን ናቸው። ከቅርብ ያያቸው ደግሞ ተመልሶ አልተናገረም፤ ምክንያቱም ያ የታጠፈ ክንድ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ ሲዘረጋም ዓይን አይደርስበትም።

ስለዚህ በዚያ አገር ሁሉ ነገር የሚለካው በክንድ ነበር። የት እንደሚጋጥ፣ ልጅ የት እንደሚተኛ በክንድ ይወሰናል። ሙሽራ ሲታጭ እንኳን "ስንት ክንድ ይዘላል?" ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ሌላ ነገር የሚጠይቅ የለም። አጭር የሚዘለው ተበላ፣ ሩቅ የሚዘለው ወለደ፣ ልጆቹም ከአባታቸው የወፈረ ጭን ይዘው ተፈለፈሉ። ፌንጣዎች በጭናቸው ይኮሩ ነበር፤ ዘፈንም አውጥተውለታል። የሚበሉት ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት ያው ነበር። ይህን የቆጠረ አንድ ብቻ ነው።

እሳቸውም አያ ዘለቀ ይባላሉ። አንድ የኋላ እግራቸውን በወጣትነታቸው በአንድ ጌታ ክንድ ውስጥ ትተው የመጡ፣ ከዚያ ወዲህ በቀረችው አንድ እግር ኑሯቸውን ያቀኑ ሽማግሌ ናቸው። (በተረት ፌንጣ ከአንድ ክረምት በላይ ይኖራል፤ የማያምን ሜዳ ወርዶ ይቁጠር።)

አንድ ቀን ጠዋት የእመት ሽብሬ አራተኛ ልጅ ተበላና ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ግራዝማች አንበርብር ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"በቅድሚያ ለእመት ሽብሬ መጽናናትን እመኛለሁ። ልጃቸው ከመበላቱ በፊት የዘለለው ርቀት የቦያችን ክብረ ወሰን ነው።"

"ክብረ ወሰኑን ለራስዎ ያድርጉት፣ ግራዝማች" አሉ እመት ሽብሬ። "እኔ ከአምስት ልጅ የቀረችኝ አንዲት አስካለ ናት። እሷ እንድትተርፍልኝ ነው የመጣሁት።"

"አስካለም እንደ ወንድሞቿ ጭኗን ታጠንክር!" አለ አንድ ከኋላ።

ያኔ አያ ዘለቀ እጃቸውን አወጡ።

"ይናገሩ አያ፤ ግን አጠር ያድርጉት።"

"አጭር ነው። በአያቴ ዘመን የጌቶች ክንድ ይቺን ታህል ነበር" ብለው የሰርዶ ጫፍ አሳዩ። "ዛሬ የእሷን ሦስት እጥፍ ነው። ማን አስረዘመው?"

"እግዜር ነዋ!"

"እግዜር ሌላ ሥራ አለበት። ያስረዘምነው እኛ ነን። እኛ ስንርቅ አጭር ክንድ ያለው ጌታ ሳይደርስብን ቀርቶ በረሃብ ሞተ። ረጅሙ ደረሰብን፣ በላን፣ እንደ ራሱ ያለውን ወለደ። አንድ ጣት ስንርቅ አንድ ጣት ይረዝማል። ይኸው ነው የጭናችሁ ዘፈን።"

ጉባኤው ተንጫጫ። ግራዝማች "ሥርዓት! ሥርዓት!" አሉ። "ታዲያ አንዝለል ነው የሚሉት?"

"ጌታችንን እንምረጥ ነው የምለው። ከቦዩ ጫፍ ክንደ አጭር የሆኑ ሦስት ጌቶች ከስተው ተቀምጠዋል። ሁላችንም እነሱ አጠገብ ሄደን እንጋጥ። ረጅሞቹ ይራቡ። የከርሞ ጌቶች የአጭሮቹ ልጆች ይሆናሉ።"

"አጭሮቹስ ምን በልተው ይወልዳሉ?" አሉ እመት ሽብሬ።

"ቀርፋፋውን።"

ሁሉም ወደ አያ ዘለቀ እግር ተመለከተ።

"እኔን አትዩ" አሉ አያ ዘለቀ። "እኔ እግሬን ካጣሁ ጀምሮ ርቀቴን ለክቼ ነው የምበላው። የሚበላው በእግሩ የተማመነው ነው።"

እያንዳንዱ ቀርፋፋው ጎረቤቱ መሆኑን እርግጠኛ ስለነበር ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

እውነትም ሠራ። ረጅም ክንድ ያላቸው ጌቶች ባዶ ሣር እያዩ ደርቀው ከአገዳቸው ወደቁ። ከጥቂት ክረምት በኋላ በአገሩ የቀረው ክንድ ሁሉ አጭር ሆነ። ትንሽ ፈቀቅ ማለት ይበቃ ስለነበር ጭን ከሳ፤ ሆድ ግን ወፈረ። አስካለም አንድ ቀን እንኳን ሳትዘል አደገች። ቆይቶ ዝላይ ያላዋቂ ነገር ተባለ፤ በስብሰባ ላይ መዝለልን የሚከለክል ደንብም ወጣ።

ግን አጭር ክንድ ያለውም ጌታ ሆድ አለው። ክንዱ የማይደርስለት ከሆነ ግብሩ ራሱ ወደ እሱ መምጣት ነበረበት። ቡናማ ሆኖ አገዳ ላይ የተቀመጠው ታየ፤ ጦሙን አደረ። አረንጓዴው አልታየም፤ በላ። ከአረንጓዴዎቹም መካከል ጀርባው እንደ ቅጠል የሰፋው፣ የቅጠል ጅማት ያወጣው ይበልጥ በላና ወለደ። ውሎ አድሮ አገዳው ላይ የሚታይ ጌታ ጠፋ።

ግራዝማች አንበርብር ጌቶች ከምድረ ገጽ መጥፋታቸውን በአዋጅ ለማብሰር ጉባኤ ጠሩ። ሰፋፊ ቅጠል ያለው ጥላ ተመረጠ። አያ ዘለቀ እንደ ልማዳቸው ሲቆጥሩ ተሰብሳቢው አርባ ሦስት ነበር። ግራዝማች ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሲያልቅ አያ ዘለቀ እንደገና ቆጠሩ፤ አርባ።

"ግራዝማች፣ ሦስት ጎድሏል።"

"ነፃ ሕዝብ ነው፤ ሲሰለቸው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወደ ድምፅ አሰጣጥ እንለፍ። ጌቶች የሉም የምትሉ?"

ሁሉም እጁን አነሳ። አያ ዘለቀ የተነሳውን እጅ ቆጠሩ፤ ከዚያ ወደ እመት ሽብሬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "ነፋስ አለ እንዴ?" አሉ።

"ኧረ የለም።"

"ታዲያ አስካለ የተደገፈችው ቅጠል ለምን ይወዛወዛል?"

እመት ሽብሬ ቀና ብለው አዩ። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ወደ ልጃቸው አንገት ያዘነብል ነበር።

"አስካለ! ዝለይ!"

"እንዴ እማዬ! ሰው ፊት?"

"ዝለይ አልኩሽ!"

አስካለ መዝለል አታውቅም። እግሮቿን አጠፈች፣ ተንደፋደፈች፣ ስንዝር የማትሞላ ዝላይ ዘለለችና በአፍንጫዋ ተደፋች። ከኋላዋ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ባዶውን ተዘጋ። ጉባኤው ግን የልጅቷን አወዳደቅ ነበር የሚያየው፤ በሳቅ ፈነዳ። ግራዝማች እንባቸውን እየጠረጉ "እመት ሽብሬ፣ ደንቡን ጥሰዋል፤ ልጅዎን ይዘው ይውጡልን!" አሉ።

እመት ሽብሬ ልጃቸውን ከመሬት አነሷት፤ ቅጠል ወደሌለበት ወደ ገላጣው ሜዳ ወጡ። አያ ዘለቀም በአንድ እግራቸው እየተሳቡ ተከተሏቸው። ከኋላቸው ሳቁ ይሰማል። ሲርቁ ሳቁ ሳሳ። ትንሽ ሄደው ይበልጥ ሳሳ።

"ራቅን መሰለኝ" አሉ እመት ሽብሬ።

አያ ዘለቀ ርቀት መለካት ያውቃሉ። ቆም ብለው የቀሩትን ሳቆች ይቆጥሩ ጀመር።