ልድገም የተባለው ቋጥኝ

ከሰምበሌጥ ሜዳ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ፣ የማሽላው ማሳ አልቆ ዳገቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ ፊቱ በጥይት የተበሳሳ ሰፊ ጥቁር ቋጥኝ አለ። ስሙ ልድገም ይባላል። የአካባቢው ሰው አሮጌ የጦር ጠመንጃ አስቆርጦ የአደን ጠመንጃ ያሠራ እንደሆነ፣ ጠመንጃው ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ወደዚህ ቋጥኝ ይተኮሳል፤ ሲተኮስም ሠሪው ራሱ ከዒላማው በስተግራ ይቆማል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ የሚከተለውን ይተርካሉ።

ጠላት ከአገር በወጣ ሰሞን ነው ይባላል። በጦርነቱ ዘመን ጦሙን ያደረው መሬት ጫካ ሆኖ፣ በጫካው የተራባው ከርከሮ ማሽላውን ያወድመው ነበር። በየቤቱ ጠመንጃ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሁሉም የጦር ሜዳ ጠመንጃ ነው፤ ረጅም፣ ከባድ፣ እስከ አፈሙዙ ድረስ እንጨት የለበሰ፣ ጫፉ ላይ የሳንጃ መሰኪያ ያለው። ያንን ይዞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ከርከሮ ማሳደድ ሞፈር ተሸክሞ አይጥ እንደማባረር ነበር።

በዚያ አገር ቢሰውር የሚባል ወጣት ጠመንጃ ጠጋኝ ነበረ። እጁ የሠራውን ዓይኑ የማያምን ሰው ነበር ይላሉ፤ በክር የለካውን በስንጥር፣ በስንጥር የለካውን በጣቱ ይደግማል። «ቢሰውር እናቱንም ለክቶ ነው እማዬ ያላት» እያሉ ይስቁበት ነበር።

አንድ ቀን ጫኔ የሚባል ገበሬ ከጦር ሜዳ ያገኘውን ጠመንጃ ይዞ መጣና እንዲያሳጥርለት ጠየቀው። ቢሰውር አፈሙዙን በክንድ ያህል ቆረጠው፤ የሳንጃ መሰኪያውን አነሣው፤ ማነጣጠሪያዋን ወደ አዲሱ ጫፍ አምጥቶ በጠራ ብር በየዳት። የቀረው እንጨቱ ነበር፤ በእጁ ያለው ዋንዛ ደግሞ በዚያው ክረምት የተቆረጠ ነው።

«ይኼ ገና እርጥብ ነው፤ በጋውን ይክረም» አለው።

«አንተ እንጨት ስታደርቅ ከርከሮው እኔን ያደርቀኛል! ሥራልኝ እባክህ።»

ቢሰውር እምቢ ማለት ሳይችል ቀረ። እርጥቡን ዋንዛ ጠርቦ ከብረቱ ጋር ፀጉር እንኳ በማያስገባ ልክ አጣበቀው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የኮራበትም ያ ነበር ይባላል። ያን ጊዜ ጥይት ብርቅ ስለነበረ በአንድ ጥይት ብቻ ሞከረው። አንዷ ጥይት ዒላማዋን መታች፤ ጠመንጃውንም ለባለቤቱ ሰጠው።

ማሽላው ሊታጨድ ሲል፣ አንድ ማለዳ ከርከሮ ወጣ፤ አውሬው ሲሸሽ ጫኔ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ተኮሰበትና ሳተው። ሦስተኛዋ ጥይት ግን በስተግራ፣ በራሱ ማሳ ዳር ቆሞ ይጮህ የነበረውን ጎረቤቱን ሞላልኝን ደረቱ ላይ መታችው። ጫኔና ሞላልኝ በድንበር ሲካሰሱ የኖሩ ናቸው።

ሬሳው እንደተቀበረ ሰው በአውድማው ላይ ተሰበሰበ። ጫኔ «ጠመንጃው ወደ ግራ ጎተተብኝ እንጂ ያነጣጠርሁት አውሬውን ነው» ብሎ ማለ። የሟች ወንድሞች ደግሞ «ከርከሮን ተገን አድርጎ ገደለብን» ብለው ዱላቸውን ጨበጡ። ዳኛው ግራዝማች እሸቴ ወደ ጠጋኙ ዞሩ።

«እህ፣ ቢሰውር፤ ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም?»

ይተኩሳል ቢል ጫኔ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ አይተኩስም ቢል ደሙ የራሱ ነው። ቢሰውር ግን የጨነቀው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ብቻ አልነበረም፤ በእውነት አላወቀም።

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አለ።

«ወላድ ልጇን አላውቅም አለች!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

ይተኮስና ይታይ ተባለ፤ ግን ማን ይተኩስ? ጫኔ ቢተኩስ ሆን ብሎ ይስታል፤ የሟች ወንድሞችም ጠመንጃው ቀጥ ያለ መሆኑን ለማሳየት ሆን ብለው ወደ ቀኝ አዘንብለው ያነጣጥራሉ። ያን ጊዜ የሟች እናት ወይዘሮ አንጓች ተነሡ። በጠላት ዘመን በዱር የከረሙ፣ በተኳሽነታቸው የታወቁ አርበኛ ነበሩ።

«እኔ እተኩሳለሁ። ልጄ በቆመበት በኩል ግን ጠጋኙ ይቁም» አሉ። ለእሳቸው ከሁለቱ ማንም ጥፋተኛ ቢሆን ልጃቸውን አይመልስምና፣ ሁሉም እሺ አለ።

ቋጥኙ ላይ ነጭ አፈር ተቀባ። ቢሰውር ከነጩ በስተግራ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ቆመ። ወይዘሮ አንጓች ተንበርክከው ተኮሱ፤ ጥይቷ ነጩን መታች። ወዲያው ደገሙ፤ ሁለተኛዋም ከመጀመሪያዋ ጎን ገባች። አገሩ «ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ!» አለ፤ የሟች ወንድሞች ጫኔን አንገቱን ይዘው መሬት ጣሉት። ቢሰውር ነፃ ወጣ ማለት ነበር።

እሱ ግን ከቋጥኙ አልተላቀቀም። የጋለው ብረትና እርጥብ ሳለ ያጣበቀው ዋንዛ በሐሳቡ መጣበት፤ ብረቱ ሲግል፣ እንጨቱም ጠሞ እንደሆነ፣ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል።

«ቆዩ!» አለ። «እማማ፣ ልጅዎን ያገኘችው ሦስተኛዋ ናት።»

ወንድሞቹ እጃቸውን አቆሙ። ወይዘሮ አንጓች አቀባብለው አነጣጠሩ፤ ከዚያም ጠመንጃውን ዝቅ አድርገው፣

«እንግዲያው ዞር በል» አሉት።

«የት እንደምትሄድ ሳላውቅ ወዴት ልዙር? እዚሁ ልቁም።»

«ልድገም ወይ?»

ቢሰውር ዞሮ በነጩ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች አየና ጀርባውን መልሶ ለድንጋዩ ሰጠ።

«ይድገሙ።»

ሦስተኛዋ ጥይት ነጩን ትታ የቢሰውርን ቀኝ ክንድ ሰበረችው። ጫኔ ከዱላ ሥር ተነሣ፤ ግራዝማችም «የዚህ ሰው ደም ፈሷል፣ ሌላ ደም አይፈለግም» ብለው አስታረቁ። ቢሰውር ዳነ፤ ሆኖም በዚያ እጁ ዳግመኛ ሞረድ አልያዘም።

ነገሩ ግን በዚያ አልተቋጨም ይባላል። ቢሰውር በግራ እጁ እንጨቱን ፈትቶ ሲያይ ብረቱ ያሻሸው የሚያብረቀርቅ ቦታ በአንድ በኩል አገኘ፤ ያ ምልክት ከሞላልኝ ሞት በፊት ይሁን በኋላ እንደመጣ ለማወቅ ግን አልቻለም። አንዳንዱም የእናት እጅ በሦስተኛው ላይ ተንቀጥቅጦ ይሆናል ይል ነበር። ወይዘሮ አንጓች በተጠየቁ ቁጥር «እኔ ነጩን ነው ያየሁት» ይሉ ነበር። ጫኔ ያንን ድንበር ዳግመኛ አላረሰውም፤ ንጹሕ ስለሆነ ነው የሚልም፣ ስላልሆነ ነው የሚልም አለ።

ዛሬ እንጨት በጋውን ሳይከርም ጠመንጃ አይለብስም። ሁለት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ተኳሹ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ «ልድገም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሠሪው ካልመለሰ አይተኮስም፤ ጠመንጃውም ተፈትቶ እንደገና ይሠራል፤ በዚህም ማንም አያፍርበትም። መልሱን እስኪሰጥ ድረስ ቤተሰቡም ቢሆን አይናገረውም፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል።